ልምምዱን ከመተውሽ በፊት ደብዳቤ ጻፊ

እህቴ፣ «የሆቴል ልምምድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ፈረቃዬ ሲቃረብ ሆዴ ይታወካል፣ እንቅልፍም አጣሁ፤ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነበር።

1. የሠራሽበትን ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ መዝግቢ። መግቢያሽን፣ መውጫሽን፣ ያዘዘሽን ሰው። እኔን የጎዳኝ በሁለት የተከፈለው ፈረቃ ነው፤ ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ቁርስ፣ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 4 እራት። ሲደመር ስምንት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ግን በሙሉ ተወስዷል። በዚያ ላይ ፈገግታው አለ። ቋሚ ሠራተኛ እንግዳ ሲያመናጭቀው ወጥ ቤት ገብቶ ይተነፍሳል፤ ተለማማጅን ግን እዚያም የሚገመግመው ሰው ይጠብቀዋል።

2. አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርጊው። እኔ በቃል ተናገርኩ። የኮሌጃችን የልምምድ አስተባባሪ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የሆቴል ሥራ እንዲህ ነው፤ ካልቻልሽ ሙያሽ አይደለም» አለኝ። አመንኩት! ራሴን ሰነፍ እያልኩ ከረምኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ድካም («በርንአውት» የሚሉትን) በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ መድቦታል፤ ምልክቶቹም አቅም ማጣት፣ በሐሳብ ከሥራው መራቅና ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ሦስቱም ነበሩብኝ።

በስምንተኛው ሳምንት የደንብ ልብሴን መቀየሪያ ክፍል ትቼ ወጣሁ። ለማንም አንዲት መስመር አልጻፍኩም። የምዘና ቅጼ ባዶውን ተመለሰ፣ ስምንቱ ሳምንት እንዳልነበረ ተቆጠረ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሳልመረቅ ቀረሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

3. የክፍል መዘዋወሪያ መርሐ ግብር ጠይቂ። በሁለተኛው ሆቴል ገና ሳልጀምር በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ መስተንግዶ፣ የክፍል ጽዳት፣ እንግዳ መቀበያ፣ እያንዳንዱ ስንት ሳምንት እንደሆነ። ኃላፊዋ ፊቷን አጨፈገገች፤ ግን ሰጠችኝ። በስድስተኛው ሳምንት ዕቃ አጠባ ላይ ሊያስቀሩኝ ሲሉ ወረቀቱን አወጣሁ። በማግስቱ መቀበያ ቆምኩ። ዛሬ የመቀበያ ፈረቃ የምመራው እኔ ነኝ፤ ተለማማጆች ሲመጡም መርሐ ግብራቸውን በመጀመሪያው ቀን እጃቸው ላይ አደርጋለሁ።

እንቅልፉ ካልተመለሰልሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የምትቀበይውን ማስረጃም ከደብዳቤው ጋር አያይዢ። መውጣት ካለብሽም ውጪ፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ለሆቴሉም ለትምህርት ክፍልሽም አስገቢ፣ ቀን ይኑረው፣ ተቀባዩ ይፈርምበት፣ ቅጂው አንቺ ዘንድ ይቅር።