ለዓመታት የተቀመጠ የሞተር መጋዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ ይሠሩበት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የሞተር መጋዝ ከዕቃ ቤት አወጣሁ። ከሃያ ዓመት በላይ አልተነሣም፤ ሆኖም የማስነሻ ገመዱን ስስበው ሞተሩ ይዞራል። አዲስ ቤንዚን ሞልቼ ላስነሣው ወይስ አስቀድሜ ልፍታው?

መልስ፦ እባክዎ አሁን አያስነሡት። ሞተሩ መዞሩ መልካም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የቆመ መጋዝ ይበልጥ የሚጎዳው አልነሣ ሲል ሳይሆን ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ የሠራ ሲመስል ነው። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የለውም፤ ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። በክራንኩ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ግራና ቀኝ ያሉት ፓራኦልዮዎች (አየር እንዳያልፍ የሚከለክሉ የጎማ ቀለበቶች) ደርቀው አየር ካስገቡ፣ ወይም የካርቡራቶሩ ዳያፍራም (ነዳጁን የሚቆጣጠረው ስስ ተጣጣፊ ሽፋን) ጠንክሮ ነዳጁን ካሳነሰ፣ ድብልቁ ይሳሳል፤ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይጎድላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ጤነኛ ስለሚመስለው ይደሰታል፤ ፒስተኑ ግን በሙቀት እየሰፋ ሲሊንደሩን ይቧጥጥና በመጨረሻ ተጣብቆ ይቆማል። በዚህ ዕድሜ ላለ መጋዝ ደግሞ ፒስተንና ሲሊንደር ማግኘት ከሌላው መለዋወጫ ሁሉ ይከብዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ይፍቱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥልቅ ጭረት ከሌለና በፋብሪካ የቀሩት ስስ አግድም መስመሮች አሁንም ከታዩ ልብዎ ይረፍ፤ ሥራው የሚደከምለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ። የፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ክፍል) የብሎን ጥርስ በአብዛኞቹ መጋዞች ግልባጭ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል። ፒስተኑን አግዶ ለመያዝ በካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ ለስላሳ ገመድ ማስገባት ይቻላል፤ ገመዱ የሚገባው ግን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ከሸፈነ በኋላ ነው፤ አለዚያ ገመዱ በቀዳዳው ተይዞ ይቆረጣል።

የብዙ አሮጌ መጋዞች ካርተር (ክራንኩን የሚይዘው የሞተሩ አካል) ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ በማጽዳት ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ላምባና ብሩሽ ይበቃሉ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን፣ አሲድ ደግሞ ማግኒዚየሙን ይበላል። ካርተሩን በመፍጫ ማሽን ከመሞረድም ይቆጠቡ፤ የማግኒዚየም ብናኝ እሳት ይይዛል፤ ውኃ ሲደፋበትም እሳቱ ይብሳል።

ካርቡራቶሩን ሲፈቱ የሁለቱን ማስተካከያ ብሎኖች ነገር ልብ ይበሉ፦ ከመንቀልዎ በፊት እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ያጥብቁና ስንት ዙር እንደነበሩ ይጻፉ። ያ ካልታወቀ ሁለቱንም አንድ ዙር ያህል ከፍቶ መጀመር የተለመደ መነሻ ነው። ዳያፍራሙንና ጓርኒሲዮኖቹን (በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) ሳይመርጡ ሁሉንም ይለውጡ፤ መጋዙ በጎን ተይዞም ሆነ ተገልብጦ ሊቆርጥ የሚችለው በዳያፍራሙ ምክንያት ነውና ይህ ክፍል ቁጠባን አይወድም። የቤንዚን ቱቦውንና በታንኩ ውስጥ ያለውን ማጣሪያም እንዲሁ ይለውጡ። የብልጭታው ጉዳይ ቀላል ነው፦ ፑንቲናውን (ብልጭታ እንዲፈጠር የሚከፈትና የሚዘጋውን የኤሌክትሪክ መገናኛ) በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ስለዚያ ሞዴል የተጻፈ መመሪያ ከሌለዎት ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድርጉ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ፣ ከመነሣቱ በፊት፣ ብዙዎች የሚዘሉትን ፈተና እርስዎ አይዝለሉት። የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን በጎማ ደፍነው ካንዴላውን እንደ ገጠሙ፣ ወደ ካርተሩ 0.5 ባር የሚያህል ግፊት በእጅ ፓምፕ ያስገቡ፤ ከዚያም በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ይቀቡ። ግፊቱ ከወረደ አረፋው ቦታውን ያሳይዎታል። ፓራኦልዮ አንዳንድ ጊዜ በግፊት ደህና መስሎ በመሳብ ጊዜ ስለሚከዳ፣ ፈተናውን በቫክዩምም መድገም ይገባል። እኔ ይህን ፈተና ያላለፈን መጋዝ ታድሷል አልልም፤ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር።

ጥያቄ፦ በመጋዜ ታንክ ላይ «16 ለ1» የሚል የነዳጅና የዘይት መጠን ተጽፏል። የአሁኑ ዘይት ጣሳ ደግሞ 50 ለ1 ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የታንኩ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ለነበረው ተራ የሞተር ዘይት የታሰበ ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ጥሩ የዛሬ ዘይት ካለዎት 16 ለ1 ካንዴላውንና ማርሚታውን በጥላሸት ይሞላል። በሌላ በኩል 50 ለ1 ለአሮጌ ኩሽኔታ ያንሳል ብዬ እሰጋለሁ። በእኔ ግምት 32 ለ1 ተገቢ ነው፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ማለት ነው። በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራውን ዘይት አይጠቀሙ፤ ለዚህ ሙቀት አልተዘጋጀም። የዘይቱን መጠን በለወጡ ቁጥር ካርቡራቶሩን እንደገና ማስተካከል አይዘንጋ። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል፣ አሮጌ ጎማም ያበላሻል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ከሥራ በኋላ ታንኩን ባዶ አድርገው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ያደስኩትን መጋዝ ለዕለት ሥራ ልጠቀምበት? ቀለምስ ልቀባው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ መጋዞች የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፤ የመሪው ብረት (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) አፍንጫ እንጨት ሲነካ ወደ ፊትዎ ቢወረወር ሰንሰለቱን የሚያቆም ነገር የለም። ብዙዎቹ ንዝረት መከላከያም ስለሌላቸው ረጅም ሥራ የጣቶችን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። ዛፍ ለመጣል በአዲስ መጋዝ ይሥሩ፤ አሮጌውን መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ፣ በአጭር ጊዜ፣ የዓይን፣ የጆሮና የእግር መከላከያ ለብሰው ይጠቀሙበት። አዲስ ሰንሰለት ሲገዙ የሰንሰለቱ፣ የመሪው ብረትና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ መለኪያ አንድ መሆን አለበት። ቀለሙን በተመለከተ፣ ዝገትና ዝቃጭ እስካልሸፈነው ድረስ የመጀመሪያውን ቀለም እንዲተዉት እመክራለሁ።