የአሰልጣኝ ቱታ ለብሰሽ የሆቴል ቁልፍ ልታድዪ?

ውድ እኅቴ፣

ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ያንቺን ያስቀደምኩት አንድ ነገር ስላናደደኝ ነው። ለአንባቢ እንዲገባ ጉዳይሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የስፖርት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። በዩኒቨርሲቲሽ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ሊቤሮ ሆነሽ ተጫውተሻል፤ ሊቤሮ ከኋላ መስመር ሰርቭ የምትቀበልና የምትከላከል፣ ቁመት ብዙም የማይጠየቅባት ተጫዋች ናት። ዋና አሰልጣኝሽ ከምረቃ በኋላ «ሦስተኛ ረዳት አሰልጣኝ» ሆነሽ እንድትቀሪ ጠይቀውሻል። ክፍያው የትራንስፖርት አበል ነው፤ ሥራው ደግሞ «የጉዞ ዝግጅት፣ የተጫዋቾች ደኅንነት ክትትል እና እንደ አስፈላጊነቱ ልምምድ ላይ ማገዝ» ነው። አጎትሽ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሥራ አግኝተውልሻል። አባትሽ «ኳሱን ተጫወትሽ፣ አሁን ይበቃል፣ ሥራ ያዢ» ብለዋል፤ የታናሽ ወንድምሽ የትምህርት ክፍያም ካንቺ ደመወዝ ይጠበቃል። ቁመቴ አጭር ነው፣ ኮከብ ተጫዋች አልነበርኩም፣ ትናንት አብረውኝ የተጫወቱትን እንዴት አሰለጥናለሁ፣ ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብለሽም ጨምረሻል።

አንቺ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ የአባትሽ ቁጣ ይመስላል። እኔን የከነከነኝ ግን ያ በጥቅስ ውስጥ ያስቀመጥሽው የሥራ ዝርዝር ነው። እስቲ ደግመሽ አንብቢው። ከሦስቱ ሁለቱ አሰልጣኝነት አይደሉም። ሦስተኛው «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል፤ ይህ ማለት ሌላው ረዳት የታመመ ቀን ማለት ነው። በቀረው ጊዜ ኳስ ትለቅሚያለሽ።

የአንድን ቡድን የአሰልጣኞች ክፍል ለማወቅ ማዕረጉን ትተሽ ልምምድ ላይ ማን ምን እንደያዘ ተመልከቺ። ዋናው አሰልጣኝ አጠቃላዩን ይመራል። አንዱ ረዳት ሴተሮቹን (ኳሱን ለአጥቂ የሚያመቻቹትን) እና የማጥቃቱን ሥርዓት ይይዛል፤ ሌላው ብሎክን (መረቡ ላይ ዘሎ ማገድን) እና የኋላ መከላከሉን። ሰርቭና ሰርቭ ቅበላ (ተቃራኒው ቡድን የሚያስጀምረውን ኳስ መቀበል) ራሱን የቻለ ሰው የሚመደብለት ቡድን አለ፣ ተደርቦ የሚያዝበትም አለ። ምልመላውም ከረዳቶቹ በአንዱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከሜዳው ጀርባ ላፕቶፕ ዘርግቶ እያንዳንዱን ንክኪ የሚመዘግብ ሰው አለ። የአካል ብቃት አሰልጣኙና ፊዚዮቴራፒስቱ ብዙ ጊዜ ከሌሎች ቡድኖች ጋር የጋራ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ አውቶቡሱን፣ ሆቴሉን፣ ምግቡን፣ ማሊያውንና የበጀቱን ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ቡድኑ ከግቢ አይወጣም፤ ሥራው የሚናቅ አይደለም። አሰልጣኝነት ግን አይደለም። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደንብማ የዚህ ሥራ ባለቤት፣ ማለትም የኦፕሬሽን ኃላፊው፣ ሜዳ ገብቶ ለተጫዋች ቴክኒክ እንዳያስተምር ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ኖሯል። ላንቺ የቀረበልሽ የእሱ ሥራ ነው፤ ስሙን ብቻ ረዳት አሰልጣኝ ብለውልሻል።

ለምን ላንቺ እንደመጣም አይጠፋኝም። አሰልጣኝሽ ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ውለታ የዋሉልሽም ሳይመስላቸው አይቀርም። ነገር ግን ወንዶች በሞሉበት የአሰልጣኞች ክፍል የምትገባ አንዲት ሴት ሁልጊዜ የምትመደብበት ቦታ ይኸው ነው፦ ከተጠባባቂ ወንበር ያልተነሳችው ስታለቅስ ታባብላለች፣ በወር አበባ ሕመም የተኛችውን ትጠይቃለች፣ የክፍል ቁልፍ ታድላለች። ቪዲዮው የሚታይበት ክፍል በር ሲዘጋ ውጭ ትቀራለች። ከዓመት በኋላ ሌላ ቡድን ዘንድ ስታመለክት «ምን አሰለጠንሽ?» ስትባል የምትመልሰው የላትም።

ገንዘብ ባለበት አገር ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) በትምህርት ተቋማት የጾታ መድልዎን የሚከለክለው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ሲወጣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድኖች የሚያሰለጥኑት ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ለሴቶች ስፖርት በጀት አመጣ፣ በጀቱ ደመወዝ አመጣ፣ ደመወዙ ወንዶቹን አመጣ። ዛሬ የሴት አሰልጣኞች ድርሻ ከግማሽ በታች ወርዷል። በመረብ ኳስ እንኳ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር) የአንደኛ ዲቪዚዮን የሴቶች ሻምፒዮና በ1981 ተጀምሮ፣ በሴት ዋና አሰልጣኝ የተመራ ቡድን ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ2024 መጨረሻ ነው። አሰልጣኟ የፔን ስቴቷ ኬቲ ሹማከር-ካውሊ ናት፤ ያውም በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ሆና።

በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈችውን አሰልጣኝ ደግሞ ላንቺ ብዬ ለብቻ አነሳታለሁ። ዳኒ ቡስቡም ኬሊ ትባላለች። በ2006 ኔብራስካ ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ ሊቤሮ እሷ ነበረች። ረዳት ሆና ሠራች፣ በ2017 ሉዊቪልን ተረከበች፣ ሁለት ጊዜም ለፍጻሜ አደረሰችው። በ2025 መጀመሪያ የኔብራስካው አሰልጣኝ ጆን ኩክ ጡረታ ሲወጡ ኔብራስካን ለእሷ ሰጧት፤ በነሐሴ 2023 በአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም 92,003 ተመልካች ፊት የተጫወተውን ያንን ቡድን ማለት ነው። የቁመትሽን ጥያቄ በዚህ እንዝጋው።

እንግዲህ አሰልጣኝሽ ዘንድ ገብተሽ «አልፈልግም» አትበዪ። «ሰርቭ ቅበላውን ይስጡኝ» በያቸው። ሌላውን ሁሉ ቢደርቡብሽ ችግር የለም፤ ቁልፉንም አድዪ፣ አውቶቡሱንም ጥሪ። ግን በልምምድ ፕሮግራሙ ላይ ስምሽ የተጻፈበት፣ ያንቺ የሆነ ሰዓት ይኑር፤ ቅበላው ሲበላሽ የምትጠየቂው፣ ሲሻሻልም የምትመሰገኚው አንቺ ሁኚ።

ቅበላን የመረጥኩልሽ ሊቤሮ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም። ዛሬ ባለው አቆጣጠር እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ ደግሞ ነጥቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ሰርቭ ተቀባዩ ቡድን ነው። መቀበል ያቃተው ቡድን አጥቂዎቹ ምንም ያህል ቢዘሉ ዋጋ የለውም። ዋናው አሰልጣኝ ሌሊት የሚያስበው ይህንኑ ነው። እሳቸው የሚያስቡትን የያዘ ሰው ደግሞ ከክፍሉ አይወጣም።

በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ ቡድን በአንድ ዙር ሁለት ታይም አውት አለው፤ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ነው። ልጆቹ ተሰብስበው ውኃ እስኪጎነጩ ከዚያ ላይ አሥሩ ያልቃል። በቀረው ጊዜ ዋናው አሰልጣኝ የሚፈልጉት ትንተና አይደለም። «ሴተራቸው አሁን ፊት መስመር ላይ ናት፣ ፊት ያላቸው አጥቂ ሁለት ብቻ ነው። ሰርቩ ከኋላ በስተግራ ባለችው ተቀባይ ላይ ይውደቅ፤ ስትቸገር ኳሷ ወደ ግራ ክንፍ ብቻ ነው የምትሄደው፣ ብሎኩ እዚያ ይቅደም።» ይኸው ነው። ይህን ከጀርባ ያቀበለ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን አሰልጣኝ ነው። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ቪዲዮና ስታቲስቲክስ እሠራ ነበር። ድምፄ ጎላ ያለ ሰው አይደለሁም፤ ሲሰሙኝ የነበረው ሌላው ያልያዘውን ቁጥር ስለያዝኩ ነው። ስለዚህ ምክሬ ወደ ላፕቶፑ ወንበር ካዘነበለ ከየት እንደመጣ እወቂው።

ባዶ እጅሽን ግን አትግቢ። ካለፈው የውድድር ዓመት ሦስት ጨዋታ ምረጪ፤ ቢቻል የተሸነፋችሁባቸውን። የቡድንሽን እያንዳንዱን ቅበላ ከሦስት እስከ ዜሮ ስጪው፦ ሴተሯ መሐሉን ጨምሮ ሁሉም ምርጫ ካላት ሦስት፣ ከመረቡ ራቅ ብላ ምርጫዋ ከጠበበ ሁለት፣ ወደ ክንፍ ከፍ አድርጎ ከመስቀል ሌላ ምንም ካልቀረ አንድ፣ ኳሱ በቀጥታ ከሞተ ዜሮ። ከዚያ በስድስቱ ሮቴሽን (ተጫዋቾቹ እየዞሩ በሚይዙት አሰላለፍ) ለያዪው። ዳታ ቮሊ የሚባለው ሶፍትዌር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የኤክሴል ገጽ ይበቃል። አንዱ ሮቴሽን ከሌሎቹ ተለይቶ ወርዶ ታገኚዋለሽ፤ ሁልጊዜ አለ። ለምን እንደወረደ ደግሞ አንቺ ሜዳ ውስጥ ስለነበርሽ ታውቂያለሽ፤ በሁለት ተቀባዮች መካከል ያለችውን ክፍተት ማን መሸፈን እንዳለበት ያልተነጋገራችሁበት ቦታ ነው። አሰልጣኝሽ ጠረጴዛ ላይ ያንን ገጽ አስቀምጪ። እንዲህም ሆኖ «ለጊዜው ጉዞውን ያዢልን» ካሉሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ገንዘቡ ላይ አባትሽ በምክንያታቸው ተሳስተዋል፣ በጥርጣሬያቸው ግን ልክ ናቸው። «ልምድ ታገኛለች» እየተባለ የሰው ጉልበት በነፃ መውሰድ በዚህ ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። አሜሪካኖቹ «በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ» የሚባል ማዕረግ በደንባቸው ጽፈው ለዓመታት አኑረውት ነበር፤ ከሌሎቹ እኩል እየሠራ ደመወዝ የሌለው ሰው ማለት ነው። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ማዕረጉን ሰርዘውታል። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላሩ ሳይቀር ሲጠቀምበት ከኖረ፣ ያንቺ ዩኒቨርሲቲ ቢሞክረው አይገርምም።

ስፖርት ክፍሉ ደመወዝ ከየትም ላያመጣልሽ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ግን ገንዘብ ሳያወጣ ሊሰጥ የሚችለው ነገር አለ፦ የማስተርስ ትምህርት ከክፍያ ነፃ፣ ተማሪ ቤት ውስጥ ማደሪያ፣ በትምህርት ክፍልሽ የረዳትነት ሰዓት፣ የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲመጣ ስምሽን ማስመዝገብ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የኤፍአይቪቢ ኮርሶች በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛውን ይዘሽ ብትወጪ ትርፍ ነው። ማስተርሱን በዚህ መንገድ ከሆነ ቀጥዪ፣ ከኪስሽ ከሆነ አሁን ተዪው። የተስማማችሁበት ሁሉ በወረቀት ይሁን፤ ለአንድ የውድድር ዓመት ብቻ ይሁን፣ ማብቂያ ቀኑም ይጻፍ። ማብቂያ ያልተጻፈለት «ለጊዜው» ሦስት ዓመት ይሆናል።

ስለ ወንድምሽ ክፍያ በግልጽ ልንገርሽ። አባትሽን በአክብሮት አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ዘንድሮ ሥራ ባላገኝ ኖሮ ክፍያው ከየት ይመጣ ነበር? መልስ ካላቸው የልጁ ትምህርት ያንቺን ሥራ የመምረጫ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም፤ ቤተሰብሽን በምትችዪው ትረጃለሽ እንጂ የቤቱ በጀት አንቺ አይደለሽም። መልስ ከሌላቸው፣ ማለትም እውነት ችግር ካለ፣ ያኔ እኔም ካንቺ ጋር አልሟገትም፤ የአጎትሽን ሥራ ያዢ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው «ቤተሰቤ አልፈቀደም» እያለ ዕድሜውን የሚጨርሰው።

የቢሮ ሥራውን ብትይዢም ከሜዳ አትወጪም። ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜና እሁድ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ቡድን ያዢ። እዚያ ዋና አሰልጣኝ ነሽ፤ ተሰላፊ የምትመርጪ፣ ታይም አውት የምትጠሪ፣ ተሸንፈሽም ለወላጆች የምታስረጂ። በትልቅ ቡድን ውስጥ ሻንጣ ከመቁጠር ይህን እመርጥልሻለሁ፤ የቅጥር ኮሚቴ ፊት ስትቀርቢም የምትናገሪው ይኖርሻል።

ከቀድሞ ጓደኞችሽ ጋር ያለው ነገር ከምትፈሪው ይቀላል። የልጆቹን የቴሌግራም ግሩፕ በመጀመሪያው ቀን ልቀቂ፣ በአሰልጣኞች ስብሰባ ላይ ስለ ቋሚ ተሰላፊ የሰማሽውንም ለማንም አትንገሪ።

አሁን በቅድሚያ አጎትሽን መልስ ለመስጠት የሁለት ሳምንት ጊዜ ለምኛቸው፤ ለምን እንደሆነም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ በጎን ሰምተው እንዳይቀየሙ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሦስቱን ጨዋታ ቪዲዮ አይተሽ ነጥቡን ጨርሺ። ለአሰልጣኝሽ የምትጽፊውን የጥያቄ ደብዳቤ ረቂቅ ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ሰንጠረዡ አባሪ ይሁን።