ቻፕሊን ለምን ወፈረ?

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። እህትህ ከውጭ በላከችልህ የቻርሊ ቻፕሊን ብሉ ሬይ (ጥራቱ ከፍ ያለ የፊልም ዲስክ) ላይ ሰውየው ወፍሮና አጥሮ ይታያል። ፊቱ ሰም ይመስላል፤ ሲሮጥም ጥላ ይከተለዋል። አንድ ቴክኒሻን የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፍቶ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ቀየረና «ፓኔሉ ሞቷል» አለህ፤ ስክሪኑን ማለቱ ነው።

አልሞተም። ፓኔል ሲበላሽ መስመር ያወጣል ወይም ይጠቁራል እንጂ ሰው አያወፍርም። እኔን ያስጠረጠረኝ ውፍረቱ ነው። ያገለገለውን ማጫወቻህን ያገናኘኸው ባለሦስት ቀለሙ ኤቪ ኬብል ይመስለኛል። በእሱ ቢበዛ 576 የምስል መስመር ያልፋል፤ ዲስኩ ግን 1080 አለው። ቴሌቪዥኑ ያችን ትንሽ ምስል ይለጥጣታል።

ኤችዲኤምአይ የሚባለውን፣ ሙሉውን ምስል የሚያሳልፍ ኬብል ግዛ። በርካሽ የሚሸጠውን ግን አደራህን ተወው፤ ጫፉ ይላላና ምስሉ ብልጭ ጥፍት ይላል። ማጫወቻውን 16፡9 (ሰፊው የስክሪን ቅርጽ) ላይ አድርገው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይመጣል፤ ልክ ነው፣ የድሮ ፊልም ቅርጹ ወደ ካሬ ይጠጋል።

ከዚያ በቴሌቪዥኑ የፒክቸር ሜኑ ኖይዝ ሪዳክሽንን (የነጠብጣብ ማጥፊያውን) አጥፋ፣ ሻርፕነስን (የጠርዝ ማጉያውን) ዝቅ አድርግ። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ። የእነቻፕሊን ፊልም ምስሉን የሚይዘው በብር ውሁድ ቅንጣቶች ነው። ብርሃን ያገኛቸው ሲታጠቡ ይጠቁራሉ፤ የፊት መስመሩም፣ ፂሙም፣ የኮቱ ክርም የተሠራው ከእነሱ ነው። ቅንጣቶቹ በየፍሬሙ (በፊልሙ በየነጠላ ሥዕሉ) ቦታቸው ስለሚለያይ ፊልሙ ሲሄድ የሚርመሰመሱ ይመስላሉ። ኖይዝ ሪዳክሽን ደግሞ ፍሬሞቹን እያነጻጸረ የተለወጠውን ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ከቅንጣቱ ጋር ቆዳውም ፂሙም ይሄዳል። የሚሮጥ እግርም የተለወጠ ነገር ስለሆነ ካለፈው ፍሬም ጋር ይቀላቅለዋል። ጥላው ያ ነው። ስለዚህ ስታጠፋው ነጠብጣብ ብታይ አትደንግጥ፤ ፊልሙ ራሱ ነው።

ጀርባውን ግን አትክፈት። የእኛ 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲቀየር 310 ገደማ ይሆናል፤ ሶኬቱን ብትነቅልም ካፓሲተሩ ይዞ ይቆያል። ያ ቴክኒሻን የቀየረው ይህን ዋናውን ካፓሲተር ከሆነ 400 ወይም 450 ቮልት የሚችል መሆኑን ጠይቀው። ያነሰ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላልና ቴሌቪዥኑን ሳታበራ ለሚያውቅ ሰው ስጠው። አንተ አትክፈተው!

ሁሉንም አድርገህ ፊቱ አሁንም ሰም ከሆነ ዲስኩን ጎረቤት ቤት ሞክረው። እዚያም ያው ከሆነ ቅንጣቱን ያጠፉት ዲስኩን ያዘጋጁት ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ለእሱ ሌላ እትም ከመፈለግ ውጪ መፍትሔ የለውም።