መልስ፦ «ሰፈሬ ሰልችቶኛል፣ ሰው ፎቶ ማንሳትም እፈራለሁ»

እህቴ፣ ሰፈርሽ «የሚነሳ ነገር የለውም» ብለሻል። ሳውል ላይተር የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አርፏል። ኒውዮርክ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ሰፈር ኖሮ፣ ብዙዎቹን ምርጥ ሥራዎቹን ያነሳው እዚያው ቤቱ አካባቢ ነው። ዝናብ ያረጠበው መስኮት፣ ቀይ ጃንጥላ፣ በረዶ ላይ የሚራመድ ሰው። በቃ። አንቺም ክረምት ሲገባ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። ፎከሱን መስታወቱ ላይ ባለው ጠብታ አድርጊ፣ ውጭ ያለው ሰው ይደብዝዝ።

እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። የምታነሺውን ሰው ሸራ ሥር፣ ጥላው ጠርዝ ላይ አቁሚው፤ ፊቱ ወደ ብርሃኑ ይዙር።

ፍርሃቱን በተመለከተ «ተደብቀሽ አንሺ» የሚሉሽን አትስሚ። ሰው ይበልጥ የሚቆጣው ተደብቀው ሲያነሱት ነው። ከምታውቂያቸው ጀምሪ፤ ለምሳሌ አትክልት የምትገዢባቸው የጉሊት እናት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» እምቢ ካሉ አመስግነሽ ሽንኩርትሽን ገዝተሽ ሂጂ። እሺ ካሉ ፎቶውን አሳጥበሽ ውሰጂላቸው። በቴሌግራም አይደለም፣ በወረቀት! ያኔ ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው «እኔንስ?» ማለታቸው አይቀርም።

ፖሊስ፣ ኬላና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አካባቢ ግን ካሜራውን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። እዚያ የድፍረት ትርፉ ጣጣ ነው።

አዲስ ሌንስ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው ተይው።