የቡና ማሳ ለመጎብኘት ለምታስቡ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በአብዛኛው ያሳለፍኩት በቡና ጥራት ሥራ ላይ በመሆኑ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎች «ቡና የሚበቅልበትን አገር ለማየት መቼ እንሂድ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የቡናውን ወቅትና የአርሶ አደሩን የሥራ ሰዓት አጣሩ፤ የዓመት ፈቃዳችሁን የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ደጋግሜ የሄድኩበትን ጌዴኦን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ በኩል ይርጋጨፌ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መንዳት ይጠይቃል። እዚያ ስትደርሱ በመደዳ የተተከለ ሰፊ እርሻ አትፈልጉ፤ እንዲህ ያለውን ለማየት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ትልቁ የበበቃ ቡና እርሻ ይሻላችኋል። የጌዴኦ ማሳ የሰው ጓሮ ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ተደባልቀው ይበቅላሉ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህ ጥምር እርሻ የምዝገባው አንዱ መሠረት ነበር። ስለዚህ ወደ ማሳው መግባት ወደ ቤት መግባት መሆኑን አውቃችሁ፣ በአካባቢው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በቀበሌው በኩል አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ጌዴኦኛ የሚናገር የአካባቢው ልጅም አብሯችሁ ይሁን።

አበባውን ለማየት የሚጓጓ ሰው የበልጉን ዝናብ መግቢያ ይጠብቅ፤ ነገር ግን አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ሊያመልጠው ይችላል። እኔ የምመርጠው የለቀማውን ጊዜ፣ በተለይም ኅዳርን ነው። ዝቅ ያሉት ቀበሌዎች ቀድመው ይደርሳሉ፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚጠጉት ደግሞ ዘግይተው ይቀላሉ፤ በመካከሉ የሄደ ሰው ታዲያ በአንድ ጉዞ የተለያየ ደረጃ ላይ ያለ ቡና ያያል።

አብዛኛው ጎብኚ የሚያመልጠው ማታውን ነው። ሲለቀም የዋለው እሸት ቡና ቀይ ቆዳው ወደሚገፈፍበት መፈልፈያ ጣቢያ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመሸ በኋላ ነው። ሐዋሳ ላይ ክፍል ይዞ በደርሶ መልስ የሚመጣ ሰው ፀጥ ያለ ጣቢያ አይቶ ይመለሳል፤ ይርጋጨፌ ወይም ዲላ ያደረ ግን ሠራተኛው እየተጣራ፣ ውኃው እየፈሰሰ፣ የተፈለፈለው ቡና ወደ ማብላያው ገንዳ ሲወርድ ይደርሳል። ቡናው እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ይታጠብና ወደ ማድረቂያው አልጋ ይወጣል። የታጠበው ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ከነቆዳው የሚደርቀው ጀንፈል ግን ከዚያ በላይ ይቆያል። ቀትር ላይ የታጠበው ቡና ተሸፍኖ ብታገኙት፣ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ገለባ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ስለሆነ «ለፎቶ ግለጡልን» አትበሉ። (ብለው የጠየቁ አይቻለሁ።) በአልጋው ዳር ብልሹውን ፍሬ የሚለቅሙትን ሴቶችም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

የለቀማ ወቅት ለቤተሰቡ የዓመቱ ገቢ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ሁለት ሰዓት ማሳውን ሲያስጎበኛችሁ የዋለ አርሶ አደር ያን ያህል ሥራ አስተጓጉሏልና ክፍያውን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ እርሱ በይሉኝታ ዝም ቢል እንኳ እናንተ አንሡት። ቡና ሲቀርብላችሁ ጨው ወይም ቅቤ ሊገባበት ይችላል፤ የማይስማማችሁ ከሆነ ሳይቀዳ ተናገሩ። ከገበሬው ጥሬ ቡና ገዝታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁም፣ የቡና ዝውውር በኬላዎች ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ፣ ምን ያህል መያዝ እንደሚፈቀድ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ግዙ።

አክባሪያችሁ