የቆየውን ቤት ለዩኒቨርሲቲ ክፍል ስለማደስ ለጠየቁት፦ ከሲሚንቶ ልስን ይጠንቀቁ

ጤና ይስጥልኝ። ዩኒቨርሲቲዎ የተረከበውን የቆየ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለድኅረ ምረቃ ትምህርትና ለቢሮ ለማደስ ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ፣ ወለሉ ጣውላ፣ በረንዳው የእንጨት የሆነ ቤት ለዚሁ ዓላማ ስላደስን፣ የእርስዎም ከእኛው እንደማይለይ እገምታለሁ።

1. በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው በቅድሚያ ፈቃድ ሲገኝ ስለሆነ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይዙ ጨረታ አያውጡ።

2. በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ልስን» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ «የኖራ ልስን» ይባል። እኛ ይህንኑ በውል አስፍረን ሳለ፣ ተቋራጩ «ኖራ የድሮ ነገር ነው» ብሎ የምድር ቤቱን ክፍሎች በሲሚንቶ ለሰናቸው። በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በገጹ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያንን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል። ክረምቱ ሲወጣ ቀለሙ አረፋ ሠርቶ ተነሣ፣ ከግድግዳው ግርጌ ነጭ ጨው ወጣ፣ ልስኑን ስናንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ስናነሣውም ከጀርባው ያለው ጭቃ በጣት የሚዛቅ ሆኖ አገኘነው። ከሁሉ የከበደን ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ጫፋቸው መበስበሱ ሲሆን፣ እነርሱን ለመቀየር የወጣው ገንዘብ ከኖራው ሥራ ሁሉ በለጠ። ይህ እየታየ፣ አንድ ኃላፊ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል በሚል ሥራውን ተረክበን ክፍያውን እንድንፈርም ይወተውተን ነበር፤ ስንከራከርም «ለአሮጌ ጭቃ ቤት ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ?» ብሎ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልን። አልፈረምንም፤ በዚህም ዛሬ ድረስ እኮራለሁ። በመጨረሻ ሥራውን ያቃኑልን አንድ አረጋዊ ግንበኛ ናቸው፤ ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ ዘፍዝፈው ለሳምንታት ካቆዩ በኋላ በስስ በስሱ እየደራረቡ ለሰኑት፣ ወጣቶቹንም አሠለጠኑልን።

3. የኔትወርክና የመብራት መስመር ለመዘርጋት ግድግዳውን አያስፈልፍሉ፤ በጣውላው ሥርና በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ በሚዞረው ጠርዝ) በኩል ይለፍ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ምድር ቤት ይሁን፤ መጸዳጃ ቤቱንም ከዋናው ቤት ለይተው ያሠሩ። ሁሉንም ክፍል የግድ መማሪያ ማድረግ አይጠበቅብዎትም፤ በ1954 ዓ.ም. ለአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሰጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መኝታና መታጠቢያ ክፍሎች እንደነበሩ ተጠብቀው እዚያው ባለው ሙዚየም ውስጥ ይጎበኛሉ።

የኖራውን ሥራ የጻፍንበትን የውል አንቀጽ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ እልክልዎታለሁ።