ትምህርቴን ትቼ ቤዝ ጊታር ልጫወት?

ውድ ጠያቂያችን፣ የአካውንቲንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ አነስተኛ ባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እንደምትጫወቺ፣ አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል በሳምንት ስድስት ሌሊት እንድትሠሪለት ስለጠየቀሽ ትምህርቱን ለማቋረጥ እንዳሰብሽ ጽፈሽልናል። አርአያዬ የምትይው አሜሪካዊው የፈንክ (በምት ላይ ያተኮረ የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) ቤዚስት ላሪ ግራሃም ነው፤ የእርሱን ስላፕ፣ ማለትም ክሩን በአውራ ጣት እየመቱና በሌላ ጣት እየሳቡ የመጫወት ስልቱን፣ እየተከተልሽ ስትለማመጂ ቆይተሻል። ስለዚህ መልሴን ከእርሱ ሕይወት ልጀምር፤ ታሪኩ አንቺ ከደረስሽበት ድምዳሜ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያመለክት ይመስለኛልና።

ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1946 በቴክሳስ ቦሞንት ተወልዶ ያደገው በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ሲሆን፣ ቤዝ ተጫዋች የመሆን ዕቅድ አልነበረውም። በወጣትነቱ ፒያኖ ከሚጫወቱትና ከሚዘፍኑት እናቱ ጋር በምሽት ክበቦች ሲሠራ መሣሪያው ጊታር ነበር፤ ኦርጋን ባለበት ክበብ ደግሞ ጊታሩን በእጁ እየተጫወተ የኦርጋኑን የቤዝ ፔዳል በእግሩ ይረግጥ ነበር። ኦርጋኑ ሲበላሽ የባንዱ ድምፅ ስለሳሳ፣ እስኪጠገን ድረስ ብሎ ቤዝ ጊታር ተከራየ፤ ኦርጋኑ ግን ሳይጠገን ቀረ። ኋላም እናቱ ያለ ድራመር ለመሥራት ሲወስኑ፣ በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ የትልቁን ከበሮ፣ በሌባ ጣቱ ቀጫጭኖቹን ስቦ እየለቀቀ የስኔሩን (የትንሹን ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ከበሮ) ቦታ መሙላት ጀመረ። በኮንትራባስ (ቆሞ በሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ) ላይ ክር መምታት ከእርሱ በፊት በኒው ኦርሊንስ ጃዝ የታወቀ ነበር፤ በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ለፈንክ መሠረት አድርጎ ያስፋፋው ግን እርሱ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ሰዎች ለፍጥነት ማሳያ የሚለማመዱት ስላፕ የተወለደው የጎደለ ድራም ለመሙላት ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝም እዚህ ላይ ነው፤ ስለ አውራ ጣትሽ ፍጥነት በዝርዝር ጽፈሻል፣ ስለ ድራመራችሁ ግን አንድ ቃል አላነሳሽም። ግራሃም ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ከተባለው ባንድ ጋር በሠራው፣ በ1969 መጀመሪያ በአሜሪካ የዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ በወጣው «ኤቭሪዴይ ፒፕል» ውስጥ፣ ቤዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወተው አንድ ኖታ ብቻ ነው። በዓመቱ አንደኛ በወጣው «ታንክ ዩ» ውስጥ ደግሞ ያው ሰው ስላፑን በሙሉ ኃይሉ ይለቀዋል። ሁለቱን አከታትለሽ ስሚያቸው። የግራ እጁ ጣቶችም የሚሠሩት ኖታ መጫን ብቻ አይደለም፤ ክሩን በየጊዜው ዳበስ አድርገው ድምፁን ስለሚቆርጡት ምቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። አብዛኛው ጀማሪ ቸል የሚለው ይህንን ነው።

ወደ እንጀራው ጉዳይ ስመጣ፣ ግራሃም ዕድሉን ያገኘው በክበቡ ስትሰማው የነበረች አንዲት አድማጭ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሬዲዮ ይሠራ ወደነበረው ወደ ባንዱ መሥራች ስላይ ስቶን ደጋግማ እየደወለች «ይህን ልጅ ስማው» ስላለችው እንደሆነ ራሱ ይናገራል። በትንሽ ቦታ በደንብ መሥራት እንዲህ ሊያስጠራ ይችላል፤ የአንቺም ቅዳሜና እሑድ እንደዚያው ናቸው። ከዚህ በላይ ግን ግራሃም ከቤዙ ጋር ዘፋኝም ነበር። በ1972 ከባንዱ ወጥቶ ግራሃም ሴንትራል ስቴሽን የተባለ የራሱን ባንድ ያቋቋመ ሲሆን፣ በ1980 ትልቅ ተወዳጅነት ያገኘው በስላፕ ሳይሆን በወፍራም ድምፁ ባንጎራጎረው የፍቅር ዘፈን ነው። ዕድሜ ልኩን በአንድ ችሎታ ብቻ አልኖረም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ትምህርቱን አታቋርጪ የሚል ነው፤ የቀረሽ ጊዜ ጥቂት ነው፣ የያዝሽው ትምህርትም ለሙዚቀኛ ባዕድ አይደለም። በ1970 የታዋቂው የፈንክ ዘፋኝ የጄምስ ብራውን ሙዚቀኞች በክፍያ ጉዳይ ተጣልተው ሲለቁ፣ በቦታቸው ከተጠሩት ወጣቶች አንዱ ኋላ ታዋቂ የሆነው ቤዚስት ቡትሲ ኮሊንስ ነበር፤ በኮከቦች ባንድ ውስጥ እንኳ ሰው የሚለያየው በገንዘብ ምክንያት መሆኑን ልብ በይ። ውልና ሒሳብ የሚያነብ ሰው በየትኛውም ባንድ ይፈለጋል። ለሆቴሉ አርብና ቅዳሜን ብቻ እንደምትሠሪ ንገሪያቸው፤ ከተስማሙ ክፍያው የሚፈጸምበትን ቀንና የሌሊት መመለሻ መኪናሽን በጽሑፍ አስፍሪ። እምቢ ካሉ ይቅር፤ ሌላ ሆቴል አይጠፋም።

ልምምድሽን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ የሆቴል መድረክ ፈንክን አልፎ አልፎ ቢፈልግ እንጂ፣ ዘወትር የሚፈልገው ችክችካውን ሳያፋጥን የሚይዝና ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲዞር የማይደናገር ቤዚስት ነው። ከድራመራችሁ ጋር ለሁለት ብቻ እየተቀመጣችሁ፣ በስልክ እየቀዳችሁ ተለማመዱ፤ ምቱ የት ላይ እንደሚሸሽ ቀረጻው ያሳያችኋል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ ግራሃም ያን ሁሉ በባለ አራት ክር ቤዝ ተጫውቶታል፤ ገንዘቡን ለመለማመጃ ክፍል ኪራይ አውዪው።